አርባ ሦስት

በቪጎ ወደብ ላይ፣ ሌሊት አስር ሰዓት፣
ጀልባው ሲያራግፍ የሌቱን ጥረት፣
የኛ ዓሣ ጨረታ ሽቅብ አያውቅም፤
ከላይ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ አይቆም፣
አንዱ «የኔ!» እስኪል ድረስ፤
የቸኮለ በውድ ይውሰድ፣ የዘገየ ባዶ እጁን ይመለስ።

ኤላዲዮ ነበር ቁጥሩን የሚያወርደው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ዶቃ በአንድ ትንፋሽ የሚሰካው፣
«ስልሳ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት» ሲል
ምላሱ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲዘል።

ያን ቀን እኔ ኦብዱሊያ፣ ለሦስት ምግብ ቤት የምገዛ፣
ዓይኔን ጥዬ ነበር በአንድ ሳጥን ሜርሉሳ፤
በልቤ አርባ ቆርጬ ዝም አልኩ፣
የጎረቤቴን ከንፈር እያየሁ፣ የራሴን እየነከስኩ።
«አርባ አምስት፣ አርባ አራት፣ አርባ ሦስት…»
ከዚያ ዝም።
በረዶው ሲንጠባጠብ ይሰማል፣ ሌላ ምንም።

እኛ ሞኞች ብልሃት መሰለን፤
«ሊያስጮኸን ነው» ተባባልን።
አንዱ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ አልዋሽም፤
ዋጋ ዓይን ይጋርዳል፣ ሰው አያስታውስም።
ግን ቀኝ ከንፈሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወረደ፣
ደወሉ ከእጁ አምልጦ በሳጥኖቹ መሀል ሄደ፣
«አርባ…» አለ፤ «አርባ…» አለ፤ ቀጣዩ ቁጥር
ከአፉ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል፣ ዝግ ሆኖበት በር።

ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም፤
አምቡላንሱ ውስጥ የጠየቁን ግን እሱን ነው፣ ሌላ አይደለም፦
«መቼ ጀመረው?» «አስር ከሃያ ሁለት። አርባ ሦስት ዩሮ ላይ።»
አስታማሚው አልሳቀም፤ በጓንቱ ጀርባ ጻፈው፣ ሁለቱንም፣ ቀና ብሎ ሳያይ።

የቀረውን ልጁ ሳቤላ ናት የነገረችኝ፣
እሷም ከዶክተር ኢሪያ ሰምታ፤ እኔን አላስገቡኝ።
ራሱን አልከፈቱትም፤ አጥንት አልሰነጠቁ፣
በብሽሽቱ ነው የገቡት፣ ምስር በምታህል ቀዳዳ፣ እየተጠነቀቁ፤
ከጭን ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ደረት፣ በልብ ደጃፍ አልፎ፣
ቀጭን ቱቦ ሽቅብ ወጣ፣ በአንገቱ ሾልኮ፣ ስክሪኑ ላይ ጥላው አርፎ።
ቀለም ሲረጩ ደም ስሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ታየ፤
በግራ በኩል ግን አንዱ ቅርንጫፍ ተቆረጠ፣ ከዛፉ ተለየ።
ዶክተሯ ትንፋሿን ያዘች፣
በረጋው ደም መሀል ሽቦ አሳለፈች፣
ከሽቦው ኋላ መረብ፤ ታጥፎ የሚሄድ፣ እዚያ ሲደርስ የሚዘረጋ።
(መረብ ሲባል ሳቅኩ። እኛ ዘንድ ምን ወሬ አለ፣ መረብ የማይነካ!)
ጠበቀች፣ ሦስት ደቂቃ፣ መረቡ እስኪነክሰው፤
ከዚያ በቀስታ ጎተተች፣ ክሩ እንዳይበጠስበት እንደሚፈራ ሰው።

የመጀመሪያው ባዶ ወጣ።
ሁለተኛውም።
ባሕር ያውቀዋል ይህን፤ ባዶ መረብ ነውር አይደለም።
በሦስተኛው መጣ፤ በነጭ ፋሻ ላይ አረፈ፣
ጥቁር ቀይ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ያን ሁሉ ቁጥር ያቀፈ።
ሳቤላ ኋላ አሳዩዋት። «ይህ ነው?» አለች።
ደግማ «ይህ ነው?» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፣ ባዶ እጄን፤
ዓሣ ይዤ እንዳልሄድ ፈራሁ ሽታውን።
ቀኝ እጁ እንደ አዲስ ጫማ ገና አልለመደም፤
ስሜን ፈለገው፣ አጣው፤ ግን አላፈረም።
ሁሉም አልተመለሰም፤ ማንኪያ ሲፈልግ ቁልፍ ይላል፣
«ቀስ በቀስ» ይላሉ ሐኪሞቹ፤ እነሱ ዘንድ ተስፋም በግራም ይመዘናል።

በመስኮቱ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ።
ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤
«አርባ…»
ትንፋሼን ዋጥኩ።
«አርባ… ሁለት።»

መጠበቅ እችል ነበር። ለአርባ የቀረው ሁለት ቁጥር ነው።
«የኔ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፤
ነርሷ ምን ሆናችሁ ብላ እየሮጠች መጣች።